ለቄስ ቢተው የሚነበብ

ቡታጅራ
ጥቅምት 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለአንተነህ በየነ፣ ኩዌት ላለኸው፤

እንደምን አለህልኝ? እኛ አምላክ ይመስገን፣ አለን። ባሌ ቄስ ቢተውም ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ደህና ነው፤ «በርታ በይው» ብሎሃል። አባትህ ቁጥርህን ሲሰጠኝ «ሸዋዬ፣ ልጁ የሄደው ሊማር ነው፣ እንዳታስጨንቂው» አለኝ። እኔና አባትህ የአጎት ልጆች ነን፤ አንተን ካላስጨነቅሁ ታዲያ ማንን ላስጨንቅ?

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁህ በአያትህ ለቅሶ ነው፤ ሱሪህ አጥሮብህ ነበር። አሁን በዓረብኛ ተመርቀህ ዩኒቨርሲቲያቸው በነጻ ሊያስተምርህ ወሰደህ አሉ። እሰይ የኔ ልጅ! ቄስ ቢተው «ግእዝ አይማርም ነበር?» ብሎ ተገርሟል፤ እሱ እንዲህ ነው፣ አትቀየመው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ትልቋ ልጄ የሺመቤት ኩዌት ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሚሽሪፍ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። የወጣችው አባቷ ገዳም ሱባዔ በገባበት ጊዜ ነው፤ ቢኖር ኖሮ አይለቃትም ነበር። በየወሩ ትደውል ነበር። ከነሐሴ ወዲህ ግን ድምጿ ጠፋ። ስልኳን ስንመታ አንዲት ዓረብ ታወራለች፤ ትንሿ ልጄ ሰናይት «ማሽን ነው እማዬ» ትለኛለች።

ይህን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ የምትልክልህ ሰናይት ናት። የስልክ ፊደል ለዓይናችን ደቃቅ ነውና፣ አንተ የምትጽፈውንም ለእኔና ለአባቷ ጮክ ብላ ታነብልናለች። እና ልጄን ፈልግልኝ። ስታገኛት አትቆጣት። የቤቱ ጣሪያ እያፈሰሰ ነው፣ እሱን ብቻ ንገራት፤ ይገባታል።

ሸዋረገድ


ኩዌት ከተማ
ኅዳር 29 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሸዋረገድ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? አባታችን ቄስ ቢተውስ? ሰናይትስ? እኔ ደህና ነኝ። መጀመሪያ ስመጣ ሙቀቱ ጉድ አድርጎኝ ነበር፤ አሁን በረድ ብሏል። ትምህርቱም ጥሩ ነው። እኔ የመጽሐፍ ዓረብኛ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ባለ ሱቁ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይስቅብኛል። ዳቦ ስጠይቀው ቁርዓን የሚቀራ ሰው ይመስለዋል መሰለኝ።

ከክፍል መልስ አውቶቡስ እይዝና ከተማውን እዞራለሁ። ዓሣ ገበያውን፣ ባሕሩን፣ ያንን ሰማይ የሚነካ ሕንፃ ሁሉ አየሁ። ፊንጣስ የሚባል ባሕር ዳር ያለ ሰፈር አለ፤ ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሐበሻው እዚያ ይወጣል፤ በየሱቁ አማርኛ ይሰማል። ቅዳሴያችንም ዓርብ ነው። እትዬ፣ ባሕሩ ሲመሽበት እንዴት እንደሚያምር ቢያዩ!

ሚሽሪፍ ግን ሌላ አገር ነው። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ አጥሩ ረጅም፣ መንገድ ላይ በእግሩ የሚሄድ የሰው ዘር የለም። ሁለት ቀን ዞሬ ከድመት በቀር ያገኘሁት የለም። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ከግቢ የሚወጡት ማለዳ ቆሻሻ ሲደፉ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔም ማለዳ እየሄድኩ ከገንዳው አጠገብ መቆም ጀመርኩ። የእኛ ተማሪዎች ሁሉ ከተማውን በካርታ ሲያጠኑት እኔ በቆሻሻ ገንዳ አጠናሁት።

እዚያ በላይነሽ የምትባል የደሴ ልጅ ተዋወቅሁ። «ቆመህ አታውራኝ፣ እየሄድክ አውራኝ፤ ማዳም በካሜራ ታያለች» አለችኝ። የሺመቤት ቢተውን ስጠይቃት ሳቀች፤ «እኔንስ ማን በላይነሽ ይለኛል? ማዳም ሜሪ ነው የምትለኝ» አለች። ግን ትጠይቅልኛለች። አይዞዎት፣ ከተማው ትንሽ ነው፣ እናገኛታለን።

አንተነህ


ቡታጅራ
ጥር 16 ቀን 2012 ዓ.ም.

አንተ ልጅ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን!

እኔ መቼ የባሕሩን ነገር ጠየቅሁህ? ባሕር ላልመሸበት ሰው ነው የሚያምረው። ሰናይት ሁለት ጊዜ አነበበችልን፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጄ የለችበትም።

ይልቅ ስማኝ። በስሟ ብቻ አትፈልጋት። መልኳን ጠይቅ። ቀይ ናት፤ ቁመቷ እንደ እኔ አጠር ያለ ነው፤ አገጯ ላይ ጠባሳ አለባት፤ በልጅነቷ በርበሬ የምናሰጣበት ቆርቆሮ ነው የቆረጣት። ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ይህን ይህን ጠይቅ። ስም ስም አትበል፤ ስም ምን ያደርጋል? ነገርኩህ።

ቄስ ቢተው አጠገቤ ተቀምጦ «ስሟን ካልጠራ እንዴት ያገኛታል?» እያለኝ ነው። እሱ ይህ አይገባውም። ጣሪያው አሁንም ያፈስሳል።

ሸዋረገድ


ኩዌት ከተማ
መጋቢት 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋረገድ፣ እግዚአብሔር ከዚህ ክፉ በሽታ ይጠብቅዎት፤

የዘገየሁት ወድጄ አይደለም። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑ፣ ቀጥሎ አውቶቡሱ። አሁን ከአመሻሽ ጀምሮ እስከ ንጋት ከቤት የወጣ ይታሰራል፤ ሐዝር ይሉታል። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ሦስት ነን፤ አንዱ ካስነጠሰ ሌሎቻችን ግድግዳ እንታከካለን።

ግን ወሬ አለኝ። ጠባሳውን ለበላይነሽ ስነግራት ቀጥ ብላ ቆመች። «ከኛ ጀርባ ያለው ቤት የነበረችው ናታ! ቅር ቅር የሚላት፣ እጇን አፏ ላይ የምታደርግ» አለች። ብታውቃትም ስሟን አታውቅም፤ በአጥር ላይ «እህቴ» እየተባባሉ ነው ያወሩት። ከዚያ ቤት ጠፍታ ወጥታለች። ሥራው በዛባት፣ ስልኳንም ቀሟት። ቤቱን ላንኳኳ ስል በላይነሽ ከለከለችኝ፤ ማዳሚቱ ለፖሊስ ትደውላለች፣ የጠፋች ልጅ ከተያዘች ትታሰራለች አለችኝ። አሁን ፊንጣስ ከሐበሾች ጋር ተከራይታ በተመላላሽ ትሠራለች ይባላል።

በሕይወት አለች፣ እትዬ! እኔ ግን አውቶቡስ የለኝም። ፊንጣስ በእግር የሚደረስበት አይደለም። መንገዱ እንደተከፈተ እሄዳለሁ።

አንተነህ


ቡታጅራ
ሚያዝያ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

የኔ ልጅ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ፤

በሕይወት አለች ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ እህል በላሁ። እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ። አንተ ልጅ፣ ተባረክ።

እዚህም በሽታው መጥቷል ይላሉ። እኔ እንደምታውቀው በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ በር ላይ የማያስነጥስ ሰው ኖሮ አያውቅም። አሁን አንድ ሰው «እጢሽ» ባለ ቁጥር ገበያው ይበተንብኛል! ትናንት ጤና ጣቢያ ያሉት መጥተው ሙቀቴን ለኩ። ቄስ ቢተው ፋሲካን ሰው በሌለበት ቤተ ክርስቲያን ቀድሶ መጣ፤ ገብቶ አለቀሰ።

የጣሪያውን ነገር እንዳትነግራት። ተወው። ጣሪያው ያፍስስ። ምንም አትላክልን። አንዴ ብቻ ትደውልና «እማዬ» ትበለኝ፤ ከዚያ ትዝጋው።

ሸዋረገድ


ኩዌት ከተማ
ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋረገድ፣ አባታችን ቄስ ቢተው፣ ሰናይት፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ?

ግንቦትን ሙሉ ከተማው ጭራሽ ተቆልፎ ነበር። ሲከፈት አንድ የታክሲ ሹፌር ለምኜ ፊንጣስ ደረስኩ። ሕንፃውን አገኘሁት። ዘበኛው ዒሳ የሚባል ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። «ሐበሾቹ? ሁሉም ሄዱ» አለኝ። መንግሥት ወረቀት የሌላቸውን ምሬ ወደ አገራቸው እሸኛለሁ ስላለ እጃቸውን ሰጥተው ማቆያ ገብተዋል። ጠባሳ ያላትንም ያስታውሳታል፤ ሲሄዱ ታስል ነበር ብሎኛል። ስለዚህ ምናልባት እኔ ሳላገኛት እናንተ ታገኟት ይሆናል፤ አንድ ቀን በር ታንኳኳ ይሆናል!

በየማቆያው ስም ዝርዝር አስጠየቅሁ። የሺመቤት ቢተው የሚባል ስም እስካሁን የለም። ግን አስተርጓሚ ስለሆንኩ አይጠፋኝም። ለሐበሻ ማኅበሩ በነጻ አስተረጉማለሁ፤ ሆስፒታሎችም ቁጥሬን ይዘውታል። ቀኑን ሙሉ ስልኬ ይጮኻል። ትናንት እንኳ አንዲት ነርስ ደውላ ዘይነባ ሐሰን የምትባል ኢትዮጵያዊት መተንፈሻ ተደርጎላታል፣ መናገር አትችልም፣ ዘመድ ካላት መጥቶ በመስኮት ይያት አለችኝ። የሙስሊም ወንድሞቻችን ግሩፕ ላይ አስጻፍኩላት፤ አውቃታለሁ ያለ የለም። ምን ይደረጋል? እኔም የማላውቃትን ሰው ዘመድ ነኝ ብዬ አልሄድ። እንዲህ ያለው በየቀኑ ነው፣ እትዬ፤ ልቤ ደነዘዘ።

የሺመቤትን ግን አልተውኩም።

አንተነህ


ቡታጅራ
ሐምሌ 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

አንተነህ!

ይህን ሰናይት አላየችውም። በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት፤ የላከልህ ሙጂብ ነው፣ ባለ ፎቶ ቤቱ፣ አፉን የሚይዝ ሰው ነው። መልስህንም በእሱ ስልክ ላክ። ሲደውልልህ ዋለ፣ አላነሳ አልክ።

እዚህ ኔት ጠፍቶ ከረመ። ደብዳቤህ የገባው ትናንት ነው። ሰናይት እያነበበች ዘይነባ ሐሰን ስትል ቄስ ቢተው «ምስኪን፣ የማን ልጅ ትሆን» አለ። እኔ በርበሬው ፀሐይ ላይ ነው ብዬ ወጣሁ።

የኔ ናት! የኔ ልጅ ናት! ፓስፖርቷ ላይ ዘይነባ ሐሰን ነው የሚለው። ደላላው «በእስልምና ስም ቶሎ ይወጣላታል» አለ፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚሄዱት። ለፎቶው ማተቧን ፈታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ በመሐረብ ቋጥሬ ይዤዋለሁ። አባቷ አያውቅም። በስሟ አትፈልጋት አላልኩህም? የቄስ ልጅ ዘይነባ ተባለች ብዬ እሱ እየሰማ ልጻፍልህ? አንተስ የተማርክ ነኝ ትላለህ፣ ዓረብ አገር በራሷ ስም የገባች ማን አለች? እንዴት አንዴ አትጠይቀኝም!

አሁኑኑ ሂድ። ልብስህን ሳትቀይር ሂድ። ዘመዷ ነኝ በል። በመስኮቱ እያት።

ሸዋረገድ


ኩዌት ከተማ
ሐምሌ 25 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምወድዎ ለእትዬ ሸዋረገድ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? የአባታችን የቄስ ቢተው ጉልበት ተሻለው ወይ? ሰናይት ትምህርቷን በርትታ እያጠናች ነው ወይ? ጎረቤት፣ ዘመድ አዝማድ፣ ሙጂብም ሳይቀር ደህና ናቸው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ሆስፒታሉ ሄጃለሁ። ጉዳዩን እያጣራሁ ነው። እስከዚያው እርስዎ ጠንከር ይበሉ፤ ብቻዎን አይቀመጡ።

ልጅዎ አንተነህ


ቡታጅራ
ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሰላምታህን ሙጂብ አነበበልኝ። ረዘመብኝ። አንተ መቼ እንዲህ ሰላም ብለኸኝ ታውቃለህ? ሙጂብ ጨርሶ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ሁለታችንም ገባን።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም ብለህ ነው። አውቃለሁ፣ አሳዳጊህ አሳድጎሃል። እኔ ግን እናቷ ነኝ፤ ሁሉንም ንገረኝ። መቼ ነው? ማን ነበር? የት አኖሯት? ያ ስም ስላለ በዚያው ሥርዓት ነው የቀበሯት፣ አይደል? እኔ ምንም አልልም። እነሱም አምላክ አላቸው፤ አጥበው ገንዘው ከቀበሩልኝ ይባረኩ።

ቄስ ቢተው ግን ይህን ከሰማ አይተርፍም። ልጄ ያለ ማተብ፣ ያለ ፍትሐት ብሎ ያብዳል። ስለዚህ ሌላ ደብዳቤ ጻፍልኝ፣ ለእሱ የሚነበብ። ሽማግሌዎቹ ማለዳ መጥተው ካረዱት በኋላ ሰናይት ታነብለታለች። በቤተ ክርስቲያን እንደተቀበረች አድርገህ ጻፈው። አሳምረህ ጻፈው፤ ያ ሁሉ ትምህርት ለመቼ ነው?

ሸዋረገድ


ኩዌት ከተማ
ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

እትዬ፣

ይህ ለእርስዎ ብቻ ነው።

ሐምሌ ሦስት ነው ያረፈችው። ነርሷ ከደወለችልኝ በኋላ ሌላ አሥራ አንድ ቀን ቆይታለች። እነዚያን ቀናት እኔ ክፍሌ ተቀምጬ ዓረብኛ አነብ ነበር። ሆስፒታሉ ከዚህ በታክሲ ሩብ ሰዓት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ኮምፒውተሩን አይቶ «ዘመድ ተጠርቶ ነበር፣ አልመጣም» አለኝ። የተጠራው እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ነው የቀበሯት። አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደው። ነርሷ ፊቷን ታስታውሰዋለች፤ «አገጯ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ነበር» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። መቃብሩ ቦታ ሄድኩ፤ በበሽታው ምክንያት ከበሩ አላሳለፉኝም። በሩ ላይ እስከ ሐዝር ሰዓት ቆሜ ተመለስኩ።

በሽታው ነው የገደላት፤ እኔ ገደልኳት አልልም። ብቻዋን ያስሞትኳት ግን እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ብዬ አሥር ጊዜ ጻፍኩና ቀደድኩት፤ ይህ ይቅርታ የሚባልበት ነገር አይደለም። ያዘዙኝን ደብዳቤ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

አንተነህ


ኩዌት ከተማ
ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለቄስ ቢተው፤

የሰላም አምላክ ልብዎን ያጽናልኝ። ከሐዘንዎ ጋር አብሬ ቁጭ ማለት ሲገባኝ ባሕር ከለከለኝ፤ ቢሆንም ዓይኔ ያየውን ልንገርዎ።

እኅቴ የሺመቤት ብቻዋን አልነበረችም። አገኘኋትና እስከ መጨረሻዋ ቀን አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ማተቧ አንገቷ ላይ ነበር። ንስሐ አባት መጥተውላት ተናዝዛ ነው ያረፈችው። «አባዬን ይፍታኝ በልልኝ፣ ሳልሰናበተው ነው የወጣሁት» ብላኛለች። ዓርብ ዓርብ በምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከተምር ዛፍ ሥር አሳረፍናት። ሦስት ካህናት ፈቱላት፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ እኅቶቿ ግቢውን ሞልተውት ነበር። አፈሩን በእጄ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ይህ አገር የሰው አገር ነው፤ ግን ሰው አለበት። ልጅዎ በወገን እጅ ላይ ናት፤ አባቴ፣ ይጽናኑ።

አንተነህ በየነ


ቡታጅራ
መስከረም 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ አንተነህ፣

ሙጂብ ፎቶ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ዓመት አለፈ፤ አንተም አልጻፍክ፣ እኔም አልጻፍኩ። ተቀይሜህ አይደለም። ምን እንባባላለን ብዬ ነው።

ያንን ደብዳቤ ግን በዚህ አገር ያልሰማው የለም። በአርባዋ ተነበበ፣ በሙት ዓመቷ ተነበበ። ቄስ ቢተው ሙጂብ ያተመለትን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ እጥፋቱ ተቀዶ ሰናይት በፕላስተር ለጠፈችለት። ሊያጽናኑት የመጡትን እሱ ያጽናናቸዋል። «ልጄ እኮ በካህናት መሐል ነው ያረፈችው» ይላቸዋል። ሰውነቱም ተመለሰ። አንተን ሳይመርቅ እህል አይቆርስም።

ሰናይት ማትሪኩ አልመጣላትም። ደላላው መጣ። ድሮ ቄስ ቢተው ደላላ ከሩቅ ሲያይ ዱላውን ያነሳ ነበር። አሁን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠው። «ኩዌት ከሆነ ትሂድ፤ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አንተነህ አለ፣ እኅቷም እዚያ ናት» አለ። ፓስፖርት ስታወጣ በራሱ እግር ሄዶ ፈረመላት።

እንቢ አልኩ። ጮኽኩ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። «ምክንያትሽን ንገሪኝ፣ እተወዋለሁ» አለኝ። ምክንያቴን አንተ ታውቀዋለህ። ፊቱን አየሁት። እንደገና በርበሬው ፀሐይ ላይ ነው ብዬ ወጣሁ። ማታ ሰናይትን ብቻዋን አስቀምጬ ልነግራት ብል ለአባቷ ትነግረዋለች፤ ያች ልጅ ምስጢር አትችልም፣ ታውቃታለህ። እንዲህ ስል ስል ቪዛው መጣ።

ሐሙስ ትገባለች። ቄስ ቢተው ለቤተ ክርስቲያኗ ጃንጥላ ገዝቶላታል፤ ቀይ ከፋይ ነው፣ ዘርፉ ወርቃማ፣ በርበሬዬን ሸጬ የሰጠሁትን ነው የከፈለበት። ከሻንጣዋ ስለማይገባ በጨርቅ ጠቅልሎ በእጇ አስይዟታል። «ከተምሩ ዛፍ ሥር፣ እኅትሽ ራስጌ ዘርግተሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» ብሏታል። እሷም እሺ ብላለች፤ ስትለማመድ ግቢ ውስጥ ዘረጋችው።

አውሮፕላን ጣቢያ ሄደህ ተቀበላት። የምትሠራበት ሰፈር ባያን ነው የሚባለው፤ አንተ መንገዱን ሁሉ ታውቃለህ። ማዳሟ ሳትወስዳት እውነቱን ንገራት፤ እኔ አቃተኝ። ከሌሊት ጀምሮ ስትጓዝ ነው የምትደርሰው፤ እህል ሳትቀምስ እንዳትነግራት።

ሸዋረገድ